በእንቅርት ላይ ማረጥ

ጥር 14

ውርጩ ዛሬ ብሶበታል። የጄሪካኑ አፍ ላይ ውሃው ረግቶ ባሌ ሀብቴ በማንኪያ ሰብሮ ቀዳልኝ። ክኒኔን ዋጥኩ። እስከ ጥርሴ ሥር ቀዘቀዘኝ።

ቢሮ። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ ተቀመጥኩ። ሦስት ሰዓት ገደማ መጣ። ያ ሙቀት... ከደረቴ ተነስቶ አንገቴን፣ ጆሮዬን፣ ግንባሬን። በጥር! ደባርቅ ላይ! ሁለቱንም ሹራብ አወለቅኩ። ልደቱ ከፊት ለፊቴ ጠረጴዛ ቀና አለና ወዲያው ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ያላየ ይመስላል። ላቡ ሲደርቅ ደግሞ ብርድ። መልሼ ለበስኩ።

እንቅርቴ ከወጣ ሁለት ዓመት ሆነው። ጠባሳው ቀጥኗል፣ ነጠላ ስደርብ አይታይም። "ዕጢው ይሠራ የነበረውን ክኒኑ ይሠራልሻል፣ ዕድሜሽን ሙሉ ትወስጂዋለሽ" ብለውኝ እሺ ብያለሁ። ዓመት አለፈው ደግሞ ወር አበባዬ ከቆመ። ለዚህኛውስ ማን እሺ በይ አለኝ?

ከሰዓት ለገበሬዎች የምናከፋፍለውን የዘር ድንች ማቆያ አየሁ። ጥሩ አጎንቁሏል። ገበሬዎቹ ዘንድሮ ደስ ይላቸዋል።

ሀብቴ ማታ ከጎንደር ገባ። ሚኒባሱን አጥቦ፣ እግሩን ታጥቦ፣ "እንዴት ዋልሽ የሺ?" አለኝ። ደህና አልኩት። ልብሴን ጓዳ ገብቼ ቀየርኩ። አሁን አሁን እንደዚያ ነው የማደርገው።

ጥር 25፣ እሑድ

ዳባት፣ እናቴ ዘንድ። ሀብቴ ጠዋት ወደ ጎንደር ሲወርድ ጣለኝ።

ጠየቅኳት ዛሬ። ስንት ዓመት ሙሉ ያልጠየቅኳትን።

"እማዬ፣ አንቺ መቼ ነው ያረጥሽው?"

"በሰባ ሰባቱ ድርቅ ነዋ። የራበው ሰው ደጁን ሞልቶት የኔን ማን ልብ ይለዋል?"

"ሙቀትስ ነበረሽ?"

"ኧረ እንዴታ! ሌሊት እየተነሳሁ የድንጋዩ አጥር ላይ ደረቴን እለጥፍ ነበር። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ጋኔን መሰለው፤ ጸበል አምጥቶ ረጨኝ። ቀዝቃዛ ነው፣ ደስ አለኝ። ጨምር አልኩት።"

እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። እሷ እንደኔ አላፈረችም። "ሲቆምልኝማ ተገላገልኩ። ደጀ ሰላም ቆሜ መቅረት ቀረልኝ፤ በፈቀድኩት ቀን ቤተ መቅደሱ ገባሁ" ትላለች። እኔ ለምን መገላገል አልመሰለኝም?

ጎረቤቷ ዓለምብርሃን መጣች። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ከማረጥ በኋላ አጥንት ይሳሳል፣ ካልሲየም ውሰጂ አለችኝ። ስመለስ ከመድኃኒት ቤት ገዛሁ። ከጠዋቱ ክኒን ጋር አብሬ እውጠዋለሁ። በአንድ ብርጭቆ ሁለቱም ይሄዳሉ።

የካቲት 16፣ እሑድ

ኪዳነ ምሕረትም ቅበላም ባንድ ቀን ዋለ። ከንግሡ ስንመለስ ሁለታችን ብቻ ነበርን። አቀበቱን እንደ ድሮ አልወጣሁትም፣ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። እሱም ቆመ። ከዚያ ነው ያለኝ።

"የሺ።"

"ወዬ።"

"እንቁረብ።"

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

"ዕድሜያችንም ደርሷል እኮ። እሌኒም ዩኒቨርሲቲ ገባች።"

"ላስብበት" አልኩት። ሌላ ምን እላለሁ?

ዕድሜያችን ደርሷል... የሚቆርቡትን አውቃቸዋለሁ። በሰማንያ ተጋብተው፣ ወልደው ከብደው፣ ሲያረጁ ነጭ ለብሰው ይቆርባሉ። ከዚያ "ከእንግዲህ እህትና ወንድም ነን" ይላሉ። ሰው ይስቃል። አልጋ ይለያያሉ።

አርጣለች ብሎ ዘጋኝ ማለት ነው? ጠይቂዋ! አልጠየቅኩም። ቤት ገብተን ቅበላውን በላን። ሥጋው የጎማ ጣዕም ነበረው።

የካቲት 17

ጾሙ ገባ። ጠዋት ክኒኑን ይዤ ቆምኩ። በውሃ ነው የሚዋጠው። ውሃ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀመስም። መምሬ ፀጋውን ልጠይቃቸው? የነፍስ አባቴ ናቸው፣ ክፉ አይናገሩኝም። ግን ምን ብዬ? አንገቴ ድኗል፣ ቆሜ እሄዳለሁ፣ ለዚህች ሚጢጢ ክኒን ጾም ልፍታ? አፈርኩ።

ከዘጠኝ በኋላ ከምሳዬ ጋር እወስደዋለሁ። ካልሲየሙንም። ክኒን ክኒን ነው፣ ሰዓት ምን ለየው?

የካቲት 29

ደክሞኛል። እንቅልፍ አይደለም፣ ድካም ነው። እንደ ረጠበ ጆንያ።

ሀብቴ "ምን ሆነሻል?" ሲለኝ "ምን ሆኛለሁ?" ብዬ ጮህኩበት። ደነገጠ። እኔም። ድምፄ የኔ አልመሰለኝም... ጎርነን ብሏል።

መጋቢት 6

ማበጠሪያው ላይ የቀረው ጸጉር ራሴ ላይ ካለው የሚበልጥ መሰለኝ።

መጋቢት 13

እሌኒ ከባሕር ዳር ደወለች። ድምፄን ሰምታ "ማሚ፣ አሞሻል?" አለች።

"ዕድሜ ነው ልጄ።"

"ሆርሞን ነው በይ። ጎግል አድርጌልሽ ነበር። ሴቶች ሁሉ ይሄን ያልፋሉ።"

ሴቶች ሁሉ። እናቴም፣ ዓለምብርሃንም፣ እሌኒም ሁሉም አንድ ቃል። እንግዲያው ለምን እኔ ብቻ ተሸነፍኩ? ከንፈሬ ወፍሯል፣ ጣቶቼ አብጠዋል፣ ቀለበቴን ማውለቅ አልቻልኩም። ሀብቴ ሳሙና ቀብቶ ሊያወጣልኝ ሞከረ። "ተወው፣ እዚያው ይሙት" አልኩት። ሳሙናውን ከእጄ አጠበልኝ። 

የቁርባኑን ነገር ደግሞ አላነሳውም። እኔም አላነሳሁም።

መጋቢት 19

ይሄን መጻፍ ያሳፍራል... ግን ልጻፈው።

ወደ ጊች በሚወስደው በኩል ያለች መንደር ሄድን፣ የገበሬዎቹን የዘር ድንች ልናይ። መኪናው እስከሚደርስበት አደረሰን፣ ከዚያ በእግር። ያን ዳገት ስንት ዓመት ወጥቼዋለሁ፤ ልደቱን ሁሌ ኋላዬ ነበር የምጎትተው። ዛሬ ግማሽ ላይ እግሬ እምቢ አለ። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። መነሳት አቃተኝ። አላመመኝም፣ በረደኝ እንጂ... ፀሐዩ ላይ ሆኜ ተንቀጠቀጥኩ። እዚያው እንቅልፍ ወሰደኝ መሰለኝ። ልደቱ "እትዬ የሺ! እትዬ የሺ!" ሲል ሰማሁት። ከሩቅ።

አለምነህ የሚባለው ገበሬ በቅሎውን ይዞ ወረደ። በዘር ምርጫ አብረን የሠራን ሰው ነው፤ ስሙን ግን ልጠራው ፈልጌ ጠፋኝ። እንደ ሙሽራ ደግፎ በቅሎዋ ላይ አወጣኝ። ቤቱ ሚስቱ ፍቅርአዲስ ትኩስ አጥሚት አቀረበችልኝ። ፊቴን አየች፣ ሆዴን አየች። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፦

"እትዬ የሺ፣ በይቅርታ... ነፍሰ ጡር ነሽ እንዴ?"

ምን እላታለሁ? "የለም እህቴ፣ አርጫለሁ" አልኳት። ቃሉን ከአፌ ሳወጣው የመጀመሪያዬ ነው። እንባዬ ተከተለ።  ፍቅርአዲስ እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ በቅቤ አሸችኝ። አሽታ ስትጨርስ "ምንም ይሁን ምን፣ ይሄ ድካም የጤና አይደለም፣ ታከሚ" አለችኝ።

ሀብቴ ልደቱ ደውሎለት ኖሮ መኪና መንገዱ ድረስ መጥቶ ጠበቀኝ። ከበቅሎዋ አወረደኝ። ፊቱ አመድ መስሏል።

መጋቢት 23

ክሊኒክ ሄድን። ደም ሰጠሁ፣ ውጤቱ ዛሬ መጣ። ቲ ኤስ ኤች የሚሉት ነገር ከሚገባው በላይ ወጥቷል። ክኒኑ አንሶሻል ማለት ነው አሉኝ። ባለ መቶው ቀርቶ ባለ መቶ ሃምሳው ታዘዘልኝ። ወረፋው ረጅም ነበር፣ ሰውየውም ደክሞታል። ክኒኑን እንዴት እንደምወስደው አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩት። ይጠይቃል ብዬ አስቤስ አውቃለሁ?

ስለ ሙቀቱ ስነግረው "የዕድሜ ነው" አለ።

ሚያዝያ 12፣ ፋሲካ

እንኳን አደረሰሽ የሺወርቅ። ትንሽ ይሻለኛል። ዶሮውን ራሴ ሠራሁ። እናቴን ከዳባት አመጣናት፤ ሀብቴ ጉርሻ ሲሰጣት ጣቱን ነከሰችው፣ ሁላችንም ሳቅን። ከነገ ጀምሮ ክኒኑን እንደ ድሮው ጠዋት እወስዳለሁ።

ሚያዝያ 25

መንገድ ተዘግቶ ሰነበተ። ሀብቴ ቤት ውሏል። ሚኒባሱን እያጠበ፣ ደግሞ እያጠበ። መድኃኒት ቤቱ ካልሲየም የለውም። ከጎንደር እስኪመጣ ጠብቂ አሉኝ። ይቅር፣ ምን ይሆናል? ደግነቱ የእንቅርቱን ክኒን ብዙ ገዝቼ አስቀምጫለሁ።

ግን ጉድ ነው! በርትቻለሁ! ግድግዳውን ጠረግኩ፣ ብርድ ልብሶቹን ሁሉ አጠብኩ፣ ጓዳውን ገለበጥኩት። ቢሮ ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። ልደቱ "እትዬ የሺ ተመለሱ!" አለ። ቀለበቱም ላላ። አዲሱ መጠን እግዜር ይስጠው።

ግንቦት 6

በዛ። ሁሉ ነገር በዛ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር አቃተኝ። ሙቀቱ ድሮ ይመጣና ይሄድ ነበር፤ አሁን አይሄድም። ልቤ... ዝም ብዬ ተቀምጬ ዳገት የወጣሁ ይመስል። ሰው ሲናገር ቶሎ አይጨርስም፣ አንጀቴ ይቃጠላል። ዛሬ ልደቱን በወረቀት ማያያዣ ምክንያት አስለቀስኩት። በወረቀት ማያያዣ!

በመጋቢት በረዶ ነበርኩ፣ በግንቦት እሳት። የትኛው ነው ማረጡ? የትኛው ነው እንቅርቱ? በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሉ ነበር ድሮ። የኔው በእንቅርት ላይ ማረጥ ሆነ።

እናቴ በስልክ፦ "ያልፋል ልጄ። የኔም አልፏል።" የሷ ግን እንዲህ ነበር?

ግንቦት 11

ጎንደር ነኝ፣ የሀብቴ አክስት ቤት። ዛሬ የሆነውን ሁሉ ልጻፍ።

ጠዋት ሀብቴ "ዛሬ ቢሮ አትሄጂም፣ ጎንደር እወስድሻለሁ" አለ። እንዲህ ቆርጦ ሲናገር አላውቀውም። ጋቢና ከጎኑ ተቀመጥኩ፣ ኋላ ሰው ሞላ። ዳባትን እንዳለፍን ነደድኩ። መስኮቱን ከፈትኩ። ወዲያው ከኋላ፦

"ኧረ መስኮት! ብርድ ሊጨርሰን ነው!"

ዘጋሁ። አልቻልኩም። ከፈትኩ። "ዝጉት እንጂ!" አሁንም ያው ሰውዬ። አምባ ጊዮርጊስ ልንገባ ስንል ልቤ ዘለለ... ዘለለና ቆመ፣ ደግሞ እንደ ወፍ ተርገበገበ። የሀብቴን ክንድ ያዝኩ። ዳር አወጣና አቆመ። ዞሮ መጥቶ በሬን ከፈተ። "ውረጂ፣ ንፋስ ይንካሽ።" ከገብስ ማሳው ዳር አስቀመጠኝ፣ አንገቴን በእርጥብ መሀረብ አበሰልኝ። ጠባሳዬን አበሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ አስነክቼው አላውቅም ነበር።

ከመኪናው ማጉረምረም ሰማሁ። ሀብቴ ቀና አለ። "ባለቤቴ ናት። አሟታል። የቸኮለ ካለ ሌላ መኪና አስቆምለታለሁ።" አንድም ሰው አልወረደም። ስመለስ ያ ሲጮህ የነበረው ሰውዬ ጋቢውን እስከ ጆሮው ተከናንቦ "ክፈቺው እቴ፣ እኛ እንለብሳለን" አለኝ። እስከ ጎንደር ድረስ ክፍት ሆኖ ሄድን። አንድ ሰው አላነጠሰም።

ሐኪሟ ዶክተር እየሩስ ትባላለች። ወጣት ናት፣ ከእሌኒ ብዙም አትበልጥም። ልቤን አዳመጠች፣ በመሣሪያም አነሱት፣ ደምም ቀዱ። ውጤቱን ይዛ ተቀመጠችና አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ።

"ክኒኑን እንዴት ነው የሚወስዱት?"

ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሁሉን ነገርኳት። ጾሙን፣ ዘጠኝ ሰዓቱን፣ ካልሲየሙን፣ ካልሲየሙ ማለቁን። ሳልጨርስ ራሷን መነቅነቅ ጀምራለች።

"ካልሲየም ይሄን ክኒን ሆድ ውስጥ ይይዘዋል፣ ወደ ደም አያሳልፈውም። ምግብም ይቀንሰዋል። ስለዚህ ክኒኑን እየዋጡ ሰውነትዎ ግን አያገኘውም ነበር። ያ ድካሙ፣ እብጠቱ፣ መርሳቱ። ከዚያ መጠኑን ጨመሩልዎ። አሁን ደግሞ ካልሲየሙ ቀረ፣ ክኒኑ ጠዋት በባዶ ሆድ ይገባል። የተጨመረው ሁሉ ባንዴ ደረሰብዎ። ልብዎ የሚጋልበው ለዚህ ነው።"

"ሙቀቱስ?"

"የሁለቱም ነው። ማረጥም ሙቀት ያመጣል፣ የክኒኑ መብዛትም ያመጣል። ሁሉን በዕድሜ አያሳብቡ፣ ሁሉንም በእንቅርቱ አያሳብቡ። መጠኑን እናስተካክልና የሚቀረውን እናያለን። የማረጡ ብቻ ሆኖ ከቀረና ካስቸገረዎት፣ ለሱም መድኃኒት አለው።"

ማረጥ። እንዴት ቀላል አድርጋ አለችው! ጉንፋን እንደማለት።

ባለ መቶው ተመለሰልኝ። ጠዋት፣ በውሃ ብቻ፣ ከምግብ በፊት ራቅ አድርጌ። ካልሲየም ካስፈለገ ከሰዓት በኋላ፣ ለብቻው። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደም። "ጾም ሲሆንስ?" ስላት ሳቀች። "እሱን የነፍስ አባትዎን ያማክሩ። እምቢ ካሉ ተመልሰው ይምጡ፣ ማታ ሆድ ባዶ ሲሆን መውሰድም ይቻላል።"

ስወጣ ሀብቴ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። "ምን አሉሽ?" ድምፁ ተሰበረ። "ካልሲየም ነው" አልኩት። "ካልሲየም ብቻ?" ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ። ያን ሁሉ ጊዜ ምን መስሎት ነበር?

ግንቦት 12

ስንመለስ ዳባት ላይ ሰዉ ሁሉ ወረደ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችን ብቻ።

"ለምንድነው ያልመለስሽልኝ?" አለ፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ።

"ምኑን?"

"የቁርባኑን።"

መጀመሪያ ዝም ልል ነበር። ግን የትናንቱ... ያ መሀረብ...

"አርጣለች ብለህ እኮ ነው ያልከኝ።"

ፍሬን ያዘ። ዳር ላይ ቆመ።

"ምን?"

"እህትና ወንድም እንሁን ማለትህ መስሎኝ። ከእንግዲህ አልፈልግሽም ማለትህ።"

ሞተሩን አጠፋ። ሊስቅ ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀም።

"የሺ፣ ጓዳ ገብተሽ መልበስ ከጀመርሽ ዓመት ሆነሽ። ጎንደር ያደርኩ ቀን ድምፅሽ ይለወጣል። የምሄድብሽ መስሎሻል። አየሁት። አልሄድም ብልሽ ታምኚኛለሽ? አታምኚኝም። ሰማንያ ይቀደዳል። ቁርባን ግን አይፈርስም። ለዚህ ነው ያልኩሽ።"

"'ዕድሜያችን ደርሷል' ያልከውስ?"

"ቃል ጠፋኝ። ሹፌር እኮ ነኝ፣ ሰባኪ አይደለሁ።"

አለቀስኩ። ሁለታችንም ለየብቻ ስንፈራ ከረምን ማለት ነው? እሱ እምቢ እንዳልለው፣ እኔ እንዳይሄድብኝ። ባንድ ቤት ውስጥ! አልቅሼ እስክጨርስ ጠበቀኝ። የገደሉን አፋፍ ደመና እየሸፈነው ነበር። ከዚያ ሞተሩን አስነሳ።

ግንቦት 24፣ እሑድ

ዳባት። ለእናቴ ነገርኳት፣ ልንቆርብ እያሰብን ነው ብዬ። እልል ልትል ስትነሳ ያዝኳት።

"ቆይ እማዬ... ከቁርባን በኋላ ባልና ሚስት... ማለቴ... አልጋ..."

"ምን ትንተባተቢያለሽ?"

"ይለያያሉ እንዴ?"

አየችኝ። "ኧረ ይቺ ልጅ! አንቺን የወለድኩት ከቆረብን በኋላ አይደለም እንዴ? ጾሙን መጾም፣ በዓሉን ማክበር ነው እንጂ! ቁርባን እሳት ማጥፊያ መሰለሽ?"

ሳቋ አላባራ አለ፣ ነጠላዋ ወደቀ። ባል ያገባሁ፣ ልጅ ያደረስኩ ሴት፣ ፊቴ ቀላ። የዚህኛው ሙቀት ግን የማረጥም የእንቅርትም አይደለም።

ሰኔ 3

ጾመ ሐዋርያት ትናንት ገባ። በዚህኛው አልተደበቅኩም፤ ዛሬ ጠዋት ክኒኔን ሳልውጥ ወደ መምሬ ፀጋው ሄድኩ። ከኪዳን ጸሎት ወጥተው ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳለምኩ፣ ነገርኳቸው።

"ያን ጊዜስ ለምን ሳትጠይቂኝ ቀረሽ ልጄ?"

"አፈርኩ መምሬ።"

"ከእኔ ታፍሪ? እኔስ ራሴ የደም ግፊት ክኒን እውጥ የለም?" አሉና ከቀሚሳቸው ኪስ አውጥተው አሳዩኝ። "ለታመመ ሰው መድኃኒቱ ምግብ አይደለም። ጠዋት በውሃሽ ዋጪ፣ ከምግቡ ጹሚ። እግዚአብሔር ልብሽን ነው የሚያየው። እንድትወድቂበት አይደለም ጾም የሠራልሽ።"

ልነሳ ስል፦ "ሀብተ ሚካኤልንስ ምን አልሽው?"

"ስለ ምኑ?"

"ስለ ቁርባኑ ነዋ። ዓመት ሙሉ እዚች ዋርካ ሥር እየመጣ ሲያማክረኝ ነበር። 'መምሬ፣ እሺ ትለኝ ይሆን?' እያለ። እንደ ጎረምሳ።"

ዓመት ሙሉ...

ቤት ስገባ ከሚኒባሱ ሥር ተኝቶ ብሎን ያጠብቃል። እግሩ ብቻ ይታያል። "ሀብቴ" አልኩት። "ወይ።" "እሺ ብያለሁ።" መፍቻው ወደቀ።  ሲወጣ ዓይኑን በዘይት እጁ አብሶት ፊቱ ጥቁር ሆኗል።

ሰኔ 28

ጎንደር ደርሰን መጣን። ዶክተር እየሩስ ወረቀቱን አይታ "ገብቷል፣ ቦታው ገብቷል" አለች። ልቤ ረግቷል። እጄም። ጸጉሬ ከግንባሬ ላይ አጫጭር ሆኖ ይበቅላል፣ እንደ አዲስ ቡቃያ። ሙቀቱ ግን አልሄደም። በቀን አንዴም ሁለቴም ይመጣል። "ይሄ እንግዲህ የማረጡ ነው። ካስቸገረዎት መድኃኒቱን እንነጋገር" አለችኝ። ለጊዜው ይቆይ አልኳት። ምን እንደሆነ ካወቅኩት፣ ልቻለው።

ልደቱን ይቅርታ ጠየቅኩት። "ምን አድርገውኝ?" አለኝ። ጨዋ ነው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ቆረብን።

ጠዋት ዝናቡ አላስወጣ ብሎ ነጠላችን በስብሶ ገባን። እናቴን እሌኒ ደግፋት መጣች። መምሬ ፀጋው በክርስትና ስሜ "ወለተ ሥላሴ" ሲሉ እኔ መሆኔን ረስቼ ዞር ብዬ ፈለግኩ። ሀብቴ በክርኑ ጎሸም አደረገኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። የተቀበልኩትን ነገር ቃል አይዘውም።

ክኒኔን ስንመለስ ዋጥኩ፣ መምሬ እንዳዘዙኝ። እህል ሳልቀምስ።

እሌኒ በጆሮዬ "ማሚ፣ ሙሽራ መሰልሽ" አለች። ሙሽራ ሆኜም ነበር።

ሐምሌ 21

ዝናብ። ቤት ነን። ከቁርባን ማግስት ሥራ የለም። ሀብቴ ተቀምጦ መዋል አይሆንለትም፤ ደጋግሞ በመስኮት ሚኒባሱን ያያል፣ የሚሰረቅ ይመስል።

ከሰዓት በኋላ መጣ፣ ከደረቴ። ተነሳሁ።

"መጣብኝ" አልኩት።

"እሱ ነው?"

"እሱ ነው።"

በሩን ከፍቼ ደፉ ላይ ቆምኩ። ጉሙ አጥሩ ድረስ ወርዷል፣ ንፋሱ የበረዶ ሽታ አለው። ፊቴን ሰጠሁት። ሀብቴ ጋቢውን ተከናንቦ መጣና ከጎኔ ቆመ። ጥርሱ ይንገጫገጫል።

"ግባ አንተ፣ ብርድ ይመታሃል።"

"አንቺስ?"

"እኔማ እየነደድኩ ነው።"

"እንግዲያው እጠብቅሻለሁ።"

ቆምን። ውሃው ከቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። አልቸኮልኩም፣ አልተሸሸግኩም። እሱም ቆሞ ተንቀጠቀጠ። ቀስ እያለ ከግንባሬ፣ ከአንገቴ ለቀቀኝ።

"ሄደ" አልኩ።

"ተመስገን። እኔ ልሞት ነበር።"

ሳቅን። ላቤ ሲደርቅ እንደ ልማዱ ብርዱ ተተካ። በረደኝ ሳልለው ጋቢውን ከፈተልኝ።